ከማያውቁት ሰው ጋር ሥዕል ሲያዩ የሚፈጸሙ ስህተቶች

ጋለሪ ውስጥ የሥዕልን ደስታ ለማያውቀው ሰው ለማካፈል የሚነሳ፣ አስጎብኚም ይሁን ተራ ጎብኚ፣ ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው ከፍቅር የተነሳ ነው። የሚያውቀውን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ማፍሰስ ያምረዋል።

ከስህተቶች ሁሉ የከፋውም ይኸው ነው፦ ሰውየው ሳያይ መንገር። ብራስልስ የሚገኘውን፣ በሠዓሊው ፒተር ብሩጌል ስም የሚታወቀውን የኢካሩስ ውድቀት ሥዕል እንውሰድ። ርእሱን ሳትናገሩ ሰው ፊቱ አቁሙ። መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው ከፊት በሚያርሰው ባለ ቀይ እጅጌ ገበሬ ላይ ነው። ቀጥሎ በትሩን ተደግፎ ወደ ሰማይ ያንጋጠጠውን እረኛ ያያል፤ ከዚያ ባሕሩንና መርከቡን። ከታች በቀኝ በኩል ውሃው ውስጥ የሚንፈራገጡ ሁለት ትንንሽ እግሮች መኖራቸውን የሚያስተውለው ዘግይቶ ነው። ያን ጊዜ ይደነግጣል። ሰው እየሰመጠ ነው፤ ገበሬው ግን እርሻውን አላቋረጠም። እሱም ራሱ እስካሁን እንደ ገበሬው ሳያይ ቆይቷል። የሥዕሉ ጉልበት ያለው እዚህ መዘግየት ውስጥ ነው። «ይህ በሰም ክንፍ በርሮ ፀሐይ ክንፉን ያቀለጠችበት ኢካሩስ ነው፤ እግሩ ያውልዎት» ብላችሁ ከጀመራችሁ ግን ሰውየው እግሮቹን ይፈልጋል፣ ያገኛል፣ ራሱን ነቅንቆ ያልፋል። ገበሬውን አላየውም፤ ድንጋጤውም አመለጠው። አንዴ የተነገረን ነገር ደግሞ እንዳልተነገረ ማድረግ አይቻልም!

ስለዚህ ሁለት ደቂቃ ዝም በሉ፤ በሰዓት ያዙት። እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ ጥናት በኒውዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ጎብኚዎች አንድ ሥራ ፊት የሚቆዩት በአማካይ 27 ሰከንድ ገደማ እንደሆነ አሳይቷል፤ ግማሾቹ ደግሞ ከ17 ሰከንድ አያልፉም። ሁለት ደቂቃ ረጅም የሚመስለው ለዚህ ነው። ግድግዳ ላይ ያለው መግለጫም ይቆይ፤ ከታየ በኋላ ሲነበብ ሌላ ጣዕም አለው።

«ወደዱት?» ብሎ መጠየቅ ወሬውን በአንድ ቃል ይዘጋዋል። «ምን ማለት ነው?» ደግሞ ፈተና ነው፤ ሰው መልሱ ተሳስቶ እንዳያፍር ዝም ይላል። የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ አቢጌል ሃውሰንና የሙዚየም አስተማሪው ፊሊፕ የናዋይን ያዳበሩት ዘዴ ሦስት ጥያቄዎች አሉት፦ እዚህ ሥዕል ውስጥ ምን እየሆነ ነው? ምኑን አይተው ነው እንዲህ ያሉት? ሌላስ ምን ይታያል? ዋናው ሁለተኛው ነው። «ሴትየዋ አዝናለች» ላለ ሰው ይህን ስትጠይቁት ወደ ሸራው ይመለስና የወደቀውን ትከሻ፣ ከመስኮቱ የዞረውን ፊት ያገኛል። ጥያቄውን ጠይቃችሁ እስከ አሥር ቁጠሩ። ብዙዎች በሦስተኛው ሰከንድ ራሳቸው ይመልሱታል፤ ያኔ ነገሩ አበቃ።

በሰውየውና በሥዕሉ መካከል አትቁሙ። ቦታችሁ ጎኑ ነው፣ ትንሽ ወደኋላ፤ ፊታችሁም ወደ ሥዕሉ። ስታመለክቱ መዳፋችሁን ዘርግታችሁ፣ ከሸራው ቢያንስ ግማሽ ሜትር ርቃችሁ ይሁን፤ እስክሪብቶ ፈጽሞ አይሁን። የደረቀ አሮጌ ቀለም ስንጥቅጥቅ ስለሆነ ቀላል ንክኪ ቅርፊቱን ያነሳዋል፤ የጣት ወዝም ይቀርበታል።

የማታውቁትን ሰው ከኋላ መጥታችሁ አታናግሩ። ዓይኑን ከሥዕሉ እስኪያነሳ ጠብቁ፤ ከዚያ ያያችሁትን አንድ ነገር ብቻ ተናገሩ። በአንድ ቃል ከመለሰ ሂዱ። ጆሮው ላይ ማዳመጫ ካለ፣ ተዉት።

አንድ ቦታ ተተክሎ ማየትም ብዙ ያስቀራል። ለንደን ናሽናል ጋለሪ ያለው የሠዓሊው ሃንስ ሆልባይን «አምባሳደሮቹ» (እ.ኤ.አ. 1533) ከታች በሁለቱ ሰዎች እግር መካከል አግድም የተዘረጋ ግራጫ ነገር አለው፤ ፊት ለፊት ሲታይ የተሳሳተ የቀለም ጭረት ይመስላል። በቀኝ በኩል ወደ ግድግዳው ተጠግቶ በሰያፍ ሲታይ ግን የራስ ቅል ይሆናል። «የራስ ቅል ነው» አትበሉ፤ «እስኪ ወደዚያ ጥግ ሄደው ይዩት» በሉ፣ በቃ። በነጠብጣብ የተሠሩ ሥዕሎችን መጀመሪያ ከቅርብ፣ ቀጥሎ ሦስት አራት ሜትር አፈግፍጎ ማየት ነው። ቅርጻ ቅርጽን መዞር።

በአንድ ሰዓት ውስጥ ከአምስት ሥራ በላይ ለማሳየት አትሞክሩ።

«ይህንማ ልጄም ይሥለዋል» ለሚል ሰው የሥዕሉን ዋጋ ወይም የሠዓሊውን ዝና መዘርዘር ክርክር ከመክፈት በቀር ምንም አይሠራም። ይልቅ «የትኛው ቀለም ቀድሞ የተቀባ ይመስልዎታል?» በሉት። ተጠግቶ የሥሩን ቀለም ይፈልጋል፤ የትኛው እርጥብ ላይ፣ የትኛው ደረቅ ላይ እንደተደረበ ይለያል። ወደ ላይ የፈሰሰ ነጠብጣብ ካገኘማ ሸራው ተገልብጦ ይሠራ እንደነበር በራሱ ይደርስበታል። ከዚያ በኋላ ስለ ልጁ አያነሳም።

ወረቀት ላይ የተሠሩ ሥራዎች ያሉበት ክፍል ሲጨልምባቸው ሰዎች ይነጫነጫሉ። ብርሃን ወረቀትንና ቀለምን ስለሚያደበዝዝ 50 ሉክስ (ሉክስ የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) አካባቢ እንደሚያዝ በአንድ ዓረፍተ ነገር ንገሯቸው፤ ዓይናቸው እስኪለምድም ጥቂት ደቂቃ በሩ አካባቢ አቆዩአቸው።

ሁለት የማይተዋወቁ ጎብኚዎች እርስ በርስ ማውራት ሲጀምሩ ደግሞ ብዙ ሰው መሃል ገብቶ ማጠቃለያ ይሰጣል። ሁለት እርምጃ ወደኋላ በሉ፣ ካልጠሯችሁም አትመለሱ።