ኤምሲኤም-41 እምቢ ሲል፦ ችግሩ ቢከሩ ውስጥ ነው ወይስ ፈርነሱ ውስጥ?

ኤምሲኤም-41 በጣም ደቃቅ ዓይኖች (ቀዳዳዎች) ያሉት የሲሊካ ዱቄት ነው። ሠርታችሁት ዱቄቱ ነጭ ነው። ሚዛኑም ልክ ነው። ኤክስ አር ዲ (የዓይኖቹን አደራደር በኤክስሬይ የሚያሳይ መሣሪያ) ላይ ሲቀመጥ ግን ጭጭ፣ አንድም መስመር የለም። ሲሊካ ተሠርቷል፣ ዓይን ግን አላወጣም።

የእንጀራን ዓይን ጋዝ ነው የሚከፍተው። እዚህ ሥራው የሰርፋክታንቱ (እንደ ሳሙና ያለ ነገር) ነው። ውሃ ውስጥ ተሰብስቦ እንደ ዘንግ ይደረደራል፣ ሲሊካው ዙሪያውን ይጠነክራል፣ በኋላ ሰርፋክታንቱ ተቃጥሎ ሲወጣ ቦታው ክፍት ይቀራል። የሞቢል ኩባንያ ተመራማሪዎች ኤምሲኤም-41ን እ.ኤ.አ. በ1992 ያስተዋወቁት በዚሁ መንገድ ነው።

ሲበላሽ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያማው ፈርነሱን (ማቃጠያ ምድጃውን) ነው። እኔ የምመክረው አንድ ልማድ አለ፦ ዱቄቱን ከማቃጠላችሁ በፊት ግማሽ ግራም አስቀሩ። ኤክስ አር ዲ ላይ ያልተቃጠለው መስመር ካሳየ ጥፋቱ የፈርነሱ ነው። ካላሳየ ፈርነሱን ተዉት፣ ወደ ቢከሩ (መቀላቀያው ዕቃ) ተመለሱ።

ቴኦስ (የሲሊካው ምንጭ የሆነው ፈሳሽ) ሳይገባ ቢከሩ ነጭ ሆነ

አዲስ አበባ ውስጥ የሚሠራ ሰው ይህን ያውቀዋል። ማታ ጥርት አድርጋችሁ ያሟሟችሁት ሲታብ (የኤምሲኤም-41 ሰርፋክታንት) ጠዋት መርፌ መርፌ የሚመስል ነጭ ነገር ሆኖ ይጠብቃችኋል። አልተበላሸም፣ በርዶት ነው። ሲታብ ከ25 ዲግሪ አካባቢ በታች ሲሆን ከውሃው ወጥቶ ክሪስታል ይሠራል።

አደጋው ሳታዩት ስትቀጥሉ ነው። አንድ ጊዜ እንዲሁ ቀጥዬ፣ አጥልዬ፣ አድርቄ ኤክስ አር ዲ ላይ ሳስቀምጠው ሹል ሹል መስመሮች ተደርድረው አየሁ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ለካ የሲታብ ክሪስታል ኖሯል! በሞቀ ውሃ ሳጥበው መስመሮቹ ሁሉ ድራሻቸው ጠፋ።

መፍትሄው ቀላል ነው። 2.4 ግራም ሲታብ በ120 ሚሊ ሊትር የተጣራ ውሃ ውስጥ አድርጋችሁ እስከ 35 ወይም 40 ዲግሪ አሙቁ። ጥርት ሲል 8 ሚሊ ሊትር ኮንሰንትሬትድ አሞኒያ፣ ከዚያ 10 ሚሊ ሊትር ቴኦስ ጠብ ጠብ እያደረጋችሁ ጨምሩ። እስኪያልቅ ድረስ ከ30 ዲግሪ በታች አታውርዱት። ማጠቢያውም ለብ ያለ ውሃ ይሁን። ከዚህ ልክ ከ2.7 ግራም በላይ ሲሊካ ሊወጣ አይችልም። ከተቃጠለ በኋላ ከዚህ በላይ ከመዘነ ውሃ ጠጥቷል ወይም ውስጡ ያልወጣ ነገር አለ።

ለኤስቢኤ-15 (ሌላው ዓይን ያለው ሲሊካ) የሚሆነው ሰርፋክታንት ፒ123 ግን ጠባዩ ተቃራኒ ነው። እሱ ቀዝቃዛ ውሃ ይወዳል። አሙቀው ሲያስቸኩሉት ጥፍጥፍ ብሎ ግርጌ ላይ ይቀራል። በቀዝቃዛው አሟሙታችሁ ከዚያ ወደ 38 ዲግሪ አካባቢ ውሰዱት።

ቴኦስ ገባ፣ ምንም የለም

በአሞኒያ ሲሠራ በደቂቃዎች ውስጥ መደፍረስ አለበት። ካልደፈረሰ ላዩን አጎንብሳችሁ እዩት። ዘይት የመሰለ ነገር ከተንሳፈፈ ቴኦሱ አልተቀላቀለም፣ የስተረሩን (የማማሰያውን) ፍጥነት ጨምሩ። አረፋ እንዳይበዛ ፈርቶ ስተረሩን በጣም የሚቀንስ ሰው ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ይያዛል። ካልተንሳፈፈ ደግሞ አሞኒያውን ጠርጥሩ። ተደጋግሞ የተከፈተ ጠርሙስ ጋዙ ሸሽቶ ውሃ ብቻ ሊሆን ይችላል። ፒኤቹ ወደ 11 ካልቀረበ አዲስ ጠርሙስ ክፈቱ፣ በእርግጥ ሁድ (ጋዝ የሚስብ የላብራቶሪ ሳጥን) ውስጥ።

ኤስቢኤ-15 ጄሊ ሆነ

አሲዱ ደካማ ነው። ኤስቢኤ-15 በጠንካራ አሲድ ውስጥ ነው የሚሠራው። ፒኤች ከ2 በላይ ሲወጣ ወይ ምንም አይወርድም ወይ ሥርዓት የሌለው ጄል ይሆናል። ስህተቱ ብዙ ጊዜ ሂሳብ ነው። 37 ከመቶ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ 12 ሞላር ገደማ ስለሆነ ለአንድ ሊትር 2 ሞላር 166 ሚሊ ሊትር ያህል ያስፈልጋል። አሲዱን ወደ ውሃው እንጂ ውሃውን ወደ አሲዱ እንዳታደርጉ።

መመሪያው 100 ዲግሪ ይላል፣ እኔ ጋ ግን ዓይኑ ጠባብ ወጣ

ይህ የከፍታ ጉዳይ ነው፣ የውጭ መመሪያ ደግሞ አይነግራችሁም። አዲስ አበባ ላይ ውሃ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። ክፍት ዕቃ ወይም ሪፍለክስ (እንፋሎቱ በርዶ ወደ ዕቃው የሚመለስበት ማፍያ) ላይ ያስቀመጣችሁት ኤስቢኤ-15 ሙቀት መለኪያውን ብታስጨንቁትም ከዚያ ብዙም አያልፍም። የዓይኑ ስፋት ደግሞ በዚህ በማቆያው ሙቀት ይወሰናል፤ ዝቅ ሲል ይጠባል። ቴፍሎን ወይም ፖሊፕሮፒሊን ጠርሙስ ውስጥ፣ ከሁለት ሦስተኛ ሳይበልጥ ሞልታችሁ፣ ክዳኑን አጥብቃችሁ 100 ዲግሪ ኦቨን ውስጥ 24 ሰዓት አስቀምጡት። ሳይበርድ ክዳኑን እንዳትከፍቱ።

ኤክስ አር ዲ ላይ መስመር የለም

ከመደናገጣችሁ በፊት አንድ ጥያቄ፦ ከስንት ዲግሪ (እዚህ ማዕዘን ነው እንጂ ሙቀት አይደለም) ነው የጀመራችሁት? ባለሙያው እንደ ለመደው ከ10 እስከ 80 ከለካላችሁ የምታዩት 22 ዲግሪ አካባቢ ያለ አንድ ሰፊ ጉብታ ብቻ ነው። ግድግዳው አሞርፈስ (ክሪስታል ያልሆነ) ሲሊካ ስለሆነ። የኤምሲኤም-41 ትልቁ መስመር 2 ዲግሪ አካባቢ ነው። የኤስቢኤ-15 ደግሞ 1 ዲግሪ ላይ ወይም ከዚያ በታች ነው፤ እዚያ ድረስ የማይወርድ መሣሪያ ሞልቷል። ያን ጊዜ በናይትሮጅን አድሶርፕሽን (ዱቄቱ ምን ያህል ናይትሮጅን ጋዝ እንደሚይዝ በመለካት) ማረጋገጥ ይሻላል።

ከፈርነስ በፊት ነበረ፣ በኋላ ጠፋ

አሁን ፈርነሱን ማማት ትችላላችሁ። የኤምሲኤም-41 ግድግዳ 1 ናኖሜትር ገደማ ብቻ ነው። በደንብ ሳይደርቅ ከገባ ወይም ቶሎ ከጋለ ይናዳል። በደቂቃ 1 ዲግሪ እያደረጋችሁ 550 ላይ አድርሱት፤ ወደ ዘጠኝ ሰዓት ይፈጃል። እዚያ ላይ አምስት ስድስት ሰዓት ይቆይ። መብራት መሃል ላይ ቢጠፋ አትጣሉት። ሲመለስ እንደገና ከታች በዚያው ፍጥነት ጀምሩ። መስመሩ ትንሽ ወደ ቀኝ ከሄደ ግን ችግር የለም፣ ሲሊካው ሲቃጠል ይሸበሸባል።

ዱቄቱ ግራጫ ወይም ቡናማ ሆኖ ከወጣ ከሰል ቀርቶበታል። ክሩሲብሉን (ማቃጠያ ዕቃውን) እስከ አፉ ሞልታችሁታል፣ አየርም አልደረሰውም። በስሱ ዘርጉትና በአየር ድገሙት።

የገጽታ ስፋቱ አነሰ

ኤምሲኤም-41 በግራም 1000 ካሬ ሜትር አካባቢ ይጠበቃል። አንሶ ከመጣ መጀመሪያ የምጠይቀው ዱቄቱ የት እንደቆየ ነው። ክፍት ዕቃ ውስጥ ሳምንታት የቆየ ኤምሲኤም-41 እርጥበት ጠጥቷል። ከመለካቱ በፊት በቫኪዩም በደንብ ይድረቅ። እርጥበቱ ግድግዳውን ካፈረሰው ግን ማድረቅ አይመልሰውም፤ ለሚቀጥለው ዴሲኬተር (እርጥበት የማያስገባ ዕቃ) ውስጥ አስቀምጡ።

የዓይን ስፋቱን ከናይትሮጅን አድሶርፕሽኑ የመልቀቂያ መስመር (ጋዙ ሲለቀቅ ከሚለካው) ካሰላችሁት ደግሞ 3.8 ናኖሜትር ላይ ሹል ጫፍ ሊወጣ ይችላል። እሱን አትመኑ፤ ናይትሮጅኑ ከዓይኑ ሲወጣ የሚፈጥረው ነው። ከመሳቢያው መስመር (ጋዙ ሲገባ ከሚለካው) አስሉት፣ ጫፉ እዚያም ካለ ያን ጊዜ ጻፉት።