አካውንቲንግን እንዴት ማጥናት፣ ተመርቆስ ወዴት?

ባንክ ገንዘብ ስታስገቡ በስልካችሁ የሚመጣው መልእክት ሒሳባችሁ «ክሬዲት» ተደረገ ይላል፤ ስታወጡ ደግሞ «ዴቢት»። ክፍል ገብታችሁ «ጥሬ ገንዘብ ሲጨምር ዴቢት ነው» ስትባሉ ግራ የሚያጋባችሁ ይኸው ነው። ሁለቱም ልክ ናቸው። መልእክቱ የሚናገረው ስለ ባንኩ መዝገብ ነው፦ እናንተ ያስቀመጣችሁት ብር ለባንኩ ዕዳ ነው፣ ዕዳ ሲጨምር ደግሞ ክሬዲት ይደረጋል። በእናንተ መዝገብ ግን ያው ብር ሀብት ነው፣ ሀብት ሲጨምር ደግሞ ዴቢት ይደረጋል። «ዴቢት ማለት መቀነስ ነው» ብሎ የሸመደደ ተማሪ አድቫንስድ አካውንቲንግ እስኪደርስ ሲደናበር ይኖራል። ስለዚህ ማንኛውንም ግብይት ከመመዝገባችሁ በፊት «መዝገቡ የማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ።

አካውንቲንግና ፋይናንስ በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች የ4 ዓመት ትምህርት ነው። የመጀመሪያው ዓመት የጋራ ኮርስ ስለሆነ ብዙዎች ይዘናጉበታል። ዲፓርትመንት ሲመደብ ግን የፍሬሽማን ውጤት ስለሚታይ መዘናጋቱ ዋጋ ያስከፍላል። ዋናው ሥራ የሚጀምረው ፋንዳሜንታልስ አንድና ሁለት በሚባሉት መሠረታዊ የአካውንቲንግ ኮርሶች ላይ ነው። ኢንተርሚዲየት፣ ኮስት፣ ኦዲቲንግ፣ ታክስ፣ ሁሉም እዚያ ላይ ይቆማሉ። ፋንዳሜንታልስን በሲ አልፎ ኢንተርሚዲየት ላይ የሚያገግም ተማሪ ጥቂት ነው።

አካውንቲንግ በማንበብ አይጠናም። የተሠራ ምሳሌ ሲያነቡት ሁልጊዜ የገባ ይመስላል። መልሱን ሸፍኑና ባዶ ወረቀት ላይ ሥሩት። የአንድ ሱቅ የአንድ ወር 20 ግብይት ያዙ፤ ጆርናል አድርጉ (በየቀኑ ቅደም ተከተል መዝግቡ)፣ ወደ ሌጀር አዛውሩ (በየሒሳቡ ለዩ)፣ ትራያል ባላንስ አውጡ (የዴቢቱና የክሬዲቱ ድምር እኩል መሆኑን የሚያሳይ ዝርዝር)፣ አጀስት አድርጉ (ወጪና ገቢውን ለሚመለከተው ጊዜ አስተካክሉ)፣ የሒሳብ መግለጫ አዘጋጁ፣ መዝገቡን ዝጉ። መጀመሪያ ግማሽ ቀን ይፈጃል። ከሁለት ሰዓት በታች እስክትጨርሱት ድረስ ግብይቱን እየቀያየራችሁ ድገሙት።

ትራያል ባላንሱ እምቢ ሲል ከላይ ጀምሮ መደመር ጊዜ ማባከን ነው። መጀመሪያ የሁለቱን ወገን ልዩነት አውጡ። ልዩነቱን ለሁለት አካፍሉና የሚመጣውን ቁጥር ጆርናሉ ውስጥ ፈልጉት፤ ከተገኘ በዴቢት ፋንታ ክሬዲት ላይ ያረፈ ሊሆን ይችላል። ልዩነቱ ለ9 ያለ ቀሪ ከተካፈለ ደግሞ አሃዝ መገለባበጡን ጠርጥሩ፦ 5,400 ብሎ ለመጻፍ 4,500 ቢጻፍ ልዩነቱ 900 ነው፣ ለ9 ሲካፈል 100። ይህ ሁሉ ሆኖ ትራያል ባላንስ እኩል መጣ ማለት ልክ ነው ማለት አይደለም። ጭራሽ ያልተመዘገበ ግብይት ወይም በኪራይ ፋንታ በጥገና ወጪ የተያዘ ገንዘብ ሚዛኑን አያዛባም።

አጀስትመንት ላይ የሚያስቸግረው አንዱ የዘመን አቆጣጠር ነው። መጻሕፍቱ አብዛኞቹ የውጭ ስለሆኑ ዓመቱን በፈረንጆች ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ይዘጋሉ፤ የመንግሥት በጀት ዓመትና የብዙ ድርጅቶች ሒሳብ ግን ሰኔ 30 ይዘጋል። መስከረም 1 የዓመት ኪራይ 120,000 ብር ተከፈለ እንበል። ሰኔ 30 ላይ 10 ወር ስለተሠራበት 100,000ው ወጪ ይሆናል፣ 20,000ው በቅድሚያ የተከፈለ ሀብት ሆኖ ይቀራል። ሌላም አለ፦ የአሜሪካ መጻሕፍት ሊፎን (መጨረሻ የገባው ዕቃ መጀመሪያ እንደወጣ የሚቆጥረውን ዘዴ) ያስተምራሉ፣ እኛ የምንከተለው አይኤፍአርኤስ (ዓለም አቀፉ የሒሳብ ሪፖርት ደረጃ) ግን አይፈቅደውም። መልስ ስትመርጡ ይህን አትርሱ።

ታክስ ላይ አሮጌ ሞጁል አደገኛ ነው። በ2017 ዓ.ም ከተሻሻለው የደመወዝ ግብር ጋር አንድ ፔይሮል (የደመወዝ ስሌት) እንሥራ። የወር ደመወዝ 12,000 ብር ነው። ይህ ከ10,001 እስከ 14,000 ባለው እርከን ስለሚወድቅ በ30 በመቶ ይባዛና 1,350 ይቀነሳል፤ ግብሩ 2,250 ብር ይሆናል። የሠራተኛው ጡረታ 7 በመቶ፣ 840 ብር ነው። እጁ ላይ የሚደርሰው 8,910። አሠሪው በራሱ በኩል 11 በመቶ፣ 1,320 ብር ይጨምራል። ጆርናሉ እንዲህ ይሆናል፦ የደመወዝ ወጪ ዴቢት 12,000፣ የጡረታ ወጪ ዴቢት 1,320፤ የሚከፈል ግብር ክሬዲት 2,250፣ የሚከፈል ጡረታ ክሬዲት 2,160፣ ባንክ ክሬዲት 8,910። በሁለቱም ወገን 13,320። ከ600 ብር የሚጀምረውን የቀድሞ ሰንጠረዥ የተጠቀመ ግብሩን 2,700 ያደርገዋል፣ ሠራተኛውን 450 ብር ያለአግባብ ያስከፍላል። ጀማሪዎች ሌላው የሚሳሳቱት ጡረታውን አስቀድመው ቀንሰው በቀሪው ላይ ግብር ሲያሰሉ ነው። ግብሩ የሚሰላው ጡረታው ሳይነሳ ነው።

የሥራ ማስታወቂያዎች ፒችትሪ የሚባለውን የሒሳብ ሶፍትዌር መቻልን ይጠይቃሉ። ጥሩ፣ ተማሩት፤ ግን ኤክሴል ይቅደም። የኤክሴል ፒቮት ቴብልና ቪሉካፕ የሚያውቅ ጀማሪ ፒችትሪን በሳምንት ይለምደዋል፣ ተቃራኒው ግን እንዲህ ቀላል አይደለም።

የመውጫ ፈተናው ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ የግድ ሆኗል። ማለፊያው 50 በመቶ ነው፤ ሳያልፉ ዲግሪ የለም። የሚከብደው ጥያቄው ሳይሆን ስፋቱ ነው፦ ሁለተኛ ዓመት የተማራችሁት ኮስት አካውንቲንግ ከነቀመሩ ይመጣል። የመጨረሻው ዓመት ሲገባ በየሳምንቱ አንድ ኮርስ እየያዛችሁ ከልሱ፣ የመጨረሻዎቹን ሁለት ወራት ለጥያቄ ብቻ ተዉ። ነጥብ የምትጥሉበትን ኮርስ መዝግቡ፤ ደጋግሞ መሠራት ያለበት እሱ ነው።

ወደ ሥራው እንምጣ። ለተመራቂ ከሁሉ የሚመከረው ኦዲት ድርጅት ነው። ደመወዙ አነስ ይላል፣ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት 30 ያለው ጊዜም እንቅልፍ አይሰጥም፤ የደረጃ «ሀ» ግብር ከፋዮች ዓመታዊ ግብራቸውን የሚያሳውቁበት የመጨረሻ ቀን ይኸው ነውና። በምትኩ በሁለት ዓመት የፋብሪካም፣ የአስመጪም፣ የሆቴልም መዝገብ ታገላብጣላችሁ። ባንክ ደመወዙና ጥቅማ ጥቅሙ ይሻላል፤ ነገር ግን መስኮት ላይ ገንዘብ በመቁጠር ሁለት ዓመት ሊያልፍ ስለሚችል ወደ ፋይናንስ ወይም ወደ ውስጥ ኦዲት ክፍል የሚዛወሩበትን መንገድ ገና ስትገቡ ጠይቁ። መንግሥት መሥሪያ ቤት አይቤክስንና አይኤፍኤምአይኤስን፣ ማለትም የመንግሥትን በጀትና ሒሳብ የሚይዙ ሥርዓቶችን፣ ትለምዳላችሁ። መያድ (መንግሥታዊ ያልሆነ ድርጅት) ከፍ ያለ ይከፍላል፣ ልምድ ግን ይፈልጋል፣ በጀትን ከወጪ ጋር በየለጋሹ ለይቶ ማቅረብ የሚችል ሰው። ጥር 2017 ላይ ሥራ የጀመረው የሰነደ ሙዓለ ንዋዮች (የአክሲዮንና የመሳሰሉት) ገበያም አይኤፍአርኤስን በደንብ ለሚያውቅ አዲስ በር ነው።

የራሳችሁን ቢሮ ከፍታችሁ ኦዲት ለመፈረም ዲግሪ ብቻውን አይበቃም፤ ከኢትዮጵያ የሒሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ ፈቃድ ያስፈልጋል። ወደዚያ የሚያደርሰው አንዱ መንገድ ኤሲሲኤ የተባለው ዓለም አቀፍ የአካውንታንትነት ሙያ ብቃት ማረጋገጫ ነው። 13 ፈተናዎች አሉት፣ ማለፊያው 50፣ በዓመት አራት ጊዜ ይሰጣል፤ በተጨማሪ የ3 ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃል። ዲግሪያችሁ ከመጀመሪያዎቹ 9 ፈተናዎች የተወሰኑትን ሊያስቀርላችሁ ይችላል፤ ስንቱን እንደሚያስቀር በዩኒቨርሲቲያችሁና በፕሮግራማችሁ ይወሰናል። ለሚቀርላችሁ ለእያንዳንዱም ቢሆን ክፍያ አለ፣ ዓመታዊ መዋጮውም በውጭ ምንዛሪ ነው የሚቆጠረው። ስለዚህ የመጀመሪያውን ፈተና የምትቀመጡበት ቀን ሳይቆረጥ አትመዝገቡ።