ሞተር ከተቀየረ በኋላ የማይነሳና የሚሞቅ መኪና

ግቢ ውስጥ ሞተር ቀይራችሁ ቁልፉ ሲዞር ሞተሪኖው (ሞተሩን የሚያስነሳው ትንሽ ሞተር) «ቀጭ» ብሎ ዝም ካለ፣ ሞተሪኖውን ለመፍታት አትቸኩሉ። ከባትሪው ኔጋቲቭ ወደ ሞተሩ የሚሄደው ወፍራም ገመድ ቀለም ወይም ዝገት ላይ ታስሮ ይሆናል። የቴስተሩን (የቮልት መለኪያውን) አንድ ጫፍ ኔጋቲቩ ላይ፣ ሌላውን ሞተሩ ብረት ላይ ያዙ። ሌላ ሰው ቁልፉን ሲያዞር ከ0.5 ቮልት በላይ ካነበበ፣ ማሰሪያውን በብርጭቆ ወረቀት ፍቃችሁ መልሳችሁ አጥብቁ።

የናፍጣ ሞተር እየዞረ ካልነሳ ብዙ ጊዜ አየር ገብቶበት ነው። ፊልትሮው ላይ ያለውን የእጅ ፖምፓ እስኪጠጥር ግፉ።

ከሁሉ የሚያሳስበው ሙቀት ነው። ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች፣ ግፊት የሌለው ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ጎማው የተሰነጠቀ የራዲያተር ክዳን ግፊት ስለማይይዝ እዚህ ምንም አይረዳችሁም፣ ቀይሩት። አየሩን ለማስወጣት መኪናውን አፍንጫው ወደ ላይ እንዲሆን ዳገት ላይ አቁሙ፤ የውስጥ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ክፈቱ። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ክዳኑን ከፍታችሁ አስነሱ። ቴርሞስታቱ (ሞተሩ ሲሞቅ ለውሃው መንገድ የሚከፍተው ቫልቭ) ሲከፈት ውሃው ዝቅ ይላል፤ አረፋው እስኪቆም ቀስ እያላችሁ ሙሉ። የላይኛው ቱቦ እየፈጀ የታችኛው ከቀዘቀዘ ቴርሞስታቱ አልከፈተም፣ ወይም አየር ቀርቷል። አረፋው ጨርሶ ካልቆመና ጭስ ጭስ ከሸተተ የቴስታታውን (የሞተሩን የላይኛ ክፍል) ጋስኬት ጠርጥሩ። ክዳኑ ተዘግቶ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ግን ክዳኑን በፍጹም አትንኩ፣ ፊት ያቃጥላል።

የመጀመሪያውን ሙከራ ከተማ ውስጥ አድርጉ እንጂ ወደ አባይ በረሃ አትውረዱ። ከድልድዩ ወደ ደጀን ያለው ዳገት ከ1,000 ሜትር በላይ ነው።