የድሮ የቴሌግራፍ ስኒ ስትሰበስቡ መሥራት የሌለባችሁ ስህተቶች

«የ1893 ስኒ አገኘሁ!» የሚል መልእክት ሲደርሰኝ ፎቶውን ሳልከፍት ምን እንደማይ አውቃለሁ። ከአሜሪካ የባቡር ቴሌግራፍ መስመር የወረደ ውሃ ሰማያዊ ብርጭቆ ነው። ስኒ የምንለው ምሰሶው ላይ ባለ የእንጨት ችካል የሚገጠመውን፣ ሽቦው የሚታሰርበትንና ኤሌክትሪኩ ወደ ምሰሶው እንዳያልፍ የሚከለክለውን ብርጭቆ ነው። በአንድ በኩል ሄሚንግሬይ የሚለው የፋብሪካው ስም፣ በሌላ በኩል «ፓተንት፣ ሜይ 2፣ 1893» ተጽፎበታል።

ወዳጆቼ፣ ያ ቀን የፈጠራ መብቱ የተሰጠበት እንጂ ስኒው የተሠራበት አይደለም። መብቱም የተሰጠው ለታችኛው ጠርዝ ነው። ጣታችሁን ዙሪያውን አስኪዱት፤ ትንንሽ ሹል ጉብታዎች ታገኛላችሁ። የዝናብ ውሃ በእነሱ ጫፍ ተንጠባጥቦ ቶሎ እንዲወርድ ተብሎ ነው የተሠሩት። ፋብሪካው ያንኑ ቀን እየጻፈ ለዓመታት አምርቷል። ቀኑ የሚነግራችሁ «ከዚህ በፊት አልተሠራም» የሚለውን ብቻ ነው። ይህን ባለማወቁ በየቦታው ሞልቶ ለተረፈ ስኒ ብዙ ገንዘብ የከፈለ ጀማሪ ባየሁ ቁጥር አንጀቴ ይቃጠላል።

የምርት ዓመት ከፈለጋችሁ ከ1930ዎቹ ወዲህ በተሠሩት ሄሚንግሬዮች ላይ ትንንሾቹን ቁጥሮች ፈልጉ። 38 ከሚለው ቀጥሎ ሁለት ነጥብ ካለ 1940 ነው፤ እያንዳንዱ ነጥብ አንድ ዓመት ይጨምራል።

ውስጡንም ሳታዩ አትለፉ። ሉዊ ኮቬ በ1865 የውስጥ ጥርስ ፓተንት እስኪያወጣ ድረስ ስኒ በእንጨት ችካሉ ላይ የሚሰካ እንጂ እንደ ብሎን የሚጠብቅ አልነበረም። ውስጡ ልሙጥ የሆነውን «የተበላሸ ነው» ብሎ መልሶ ያስቀመጠ ሰው አውቃለሁ። ከሻጩ ጠረጴዛ ላይ ከነበሩት ሁሉ ውዱ እሱ ነበር።

ስኒው ላይ የምታዩት እንደ 42 ያለ ቁጥር ፋብሪካው ለሞዴሉ የሰጠው መለያ ነው። ሰብሳቢዎች የሚግባቡበት ሲዲ (CD) የሚባለው ቁጥር ደግሞ እንደ ስኒው ቅርጽ ይሰጣል፤ ሄሚንግሬይ 42 ሲዲ 154 ነው። አታምታቱ።

አጠባ ላይ እኔም ጥፋት አለብኝ። አንድ ክረምት የንብ ቀፎ የምንለውን ቅርጽ፣ ሲዲ 145ን፣ ከብርዱ አስገብቼ በቀጥታ ሙቅ ውሃ ውስጥ ነከርኩት። ጧ! ከአናቱ እስከ ጠርዙ ተሰነጠቀ። እስካሁን ይቆጨኛል። መጀመሪያ የቤቱን ሙቀት ይልመድ፣ ከዚያ ለብ ባለ ውሃ እጠቡት። የባቡሩ የከሰል ጥላሸት አልለቅ ካለ ኦክሳሊክ አሲድ ያስለቅቀዋል። መርዝ ስለሆነ ግን ጓንትና መነጽር አድርጉ፣ ልጆችም አይድረሱበት። ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ተጠቀሙ የሚላችሁን ከቶ አትስሙ። ብርጭቆውንም ይበላል፣ ሰውም ይገድላል።

ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ሁሉ አያጓጓችሁ። ማንጋኒዝ ያለበት ቀለም የለሽ ብርጭቆ ለረጅም ዓመታት ፀሐይ ሲመታው በራሱ ወይን ጠጅ ይሆናል። ነጋዴዎች ደግሞ ተራውን በጨረር መትተው ያጠቁሩታል። ያ ቅርጽ በዚያ ቀለም ታይቶ የማያውቅ ከሆነ ገንዘባችሁን ኪሳችሁ ውስጥ አቆዩት።

ምሰሶ ላይ አትውጡ። እንጨቱ በስብሶ ሊሆን ይችላል፣ የተረሳ የሚመስለው ሽቦም የባቡር ምልክት መብራት ኤሌክትሪክ ተሸክሞ ይገኛል። የመስመሩ ንብረት የባቡር ድርጅቱ ነው፤ ሣር ቢውጠውም ያለ ፈቃድ መውሰድ ስርቆት ነው።

በፖስታ ስትልኩ ደግሞ ሁለት ስኒ በአንድ ጋዜጣ አትጠቅልሉ።