የእግር ደም ሥር ሲያሳክሙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ቀኑን ሙሉ ቆመው የሚውሉ መምህራን፣ ፀጉር ሠሪዎችና አስተናጋጆች ባታቸው ላይ ተጠማዝዞ የሚወጣውን የደም ሥር በደንብ ያውቁታል። ሐኪሞች ቫሪኮስ ቬን ይሉታል። ዛሬ ሕክምናው አልጋ መያዝ አያስፈልገውም፤ ሰው ታክሞ በዚያው ቀን በእግሩ ወደ ቤቱ ይሄዳል። እንዲህ በመቅለሉ ግን ብዙዎች እንደ ጥፍር ማሠራት እያዩት በችኮላ ይገቡበታል።

የሚታየውን ብቻ ማሳከም

ከሁሉም የሚብሰው ስህተት ይህ ነው። ደምን ወደ ልብ በሚመልሱት ሥሮች ውስጥ፣ ደሙ ተመልሶ እንዳይወርድ የሚያግዱ ትናንሽ ቫልቮች አሉ። እነዚህ ሲደክሙ ደሙ ወደ ታች እየተመለሰ ይጠራቀምና ሥሩን ይለጥጠዋል። ባት ላይ የሚታየው አብዛኛውን ጊዜ ጫፉ ብቻ ነው፤ ምንጩ ብሽሽት አካባቢ ወይም ከጉልበት ጀርባ ሊሆን ይችላል። ምንጩ ሳይዘጋ ጫፉን ብቻ በመርፌ ያስወጉ ሰዎች ብዙም ሳይቆዩ ሥሩ ተመልሶ ሲወጣ ያያሉ።

ስለዚህ ከሕክምናው በፊት የዶፕለር አልትራሳውንድ ምርመራ ይጠይቁ። ምርመራው ቆመው መሆን አለበት። ባለሙያው ባትዎን በእጁ ጨመቅ አድርጎ ይለቅና ደሙ ወደ ታች መመለስ አለመመለሱን በስክሪኑ ላይ ይከታተላል። ቆዳ ሥር ባሉት ዋና ዋና ሥሮች ውስጥ ከግማሽ ሰከንድ በላይ ወደ ታች ከፈሰሰ ቫልቩ ደክሟል ማለት ነው። እግርዎን በዓይኑ ብቻ አይቶ ዋጋ የሚነግርዎት ሰው ጋር አይቆዩ።

ለሁሉም አንድ ሕክምና መሻት

እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጉት ቀጫጭን ሥሮች ከ1 ሚሊሜትር በታች ሲሆኑ፣ በቀጭን መርፌ በሚሰጥ መድኃኒት ይደርቃሉ። ቫልቩ ለደከመው ትልቅ ሥር ግን የእንግሊዝ የጤና መመሪያ ከ2013 ጀምሮ ቅድሚያ የሚሰጠው ከውስጥ በሌዘር ወይም በሬዲዮ ሞገድ ሙቀት መዝጋትን ነው። ያ ካልተመቸ በአረፋ መልክ የሚወጋው መድኃኒት ይከተላል፤ ቀዶ ሕክምና የሚመጣው ከሁለቱም በኋላ ነው። አንድ ማሽን ብቻ ያለው ክሊኒክ ለሁሉም ታካሚ ያንኑ ማሽን ቢያዝ አይግረምዎት።

ከቆዳ ላይ የሚተኮሰው ሌዘር ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ለቆዳ ቀለም የሚሰጠው ሜላኒን ብርሃኑን ስለሚስብ፣ ጠቆር ያለ ቆዳ ሊቃጠል ወይም ጠባሳና ነጣ ያለ ምልክት ሊይዝ ይችላል። ለእኛ ዓይነት ቆዳ መርፌው ብዙ ጊዜ ይሻላል። እሱም ቢሆን ቡናማ ምልክት ሊተው ይችላል፤ ምልክቱ አብዛኛውን ጊዜ በወራት ውስጥ እየደበዘዘ ይሄዳል።

በእርግዝና ወቅት መቸኮል

በእርግዝና ጊዜ የወጡ ሥሮች ከወሊድ በኋላ ብዙ ጊዜ በራሳቸው ይቀንሳሉ። ወልደው ጥቂት ወራት ይጠብቁ።

ማሳሸትና ዋግምት

ያበጠውን ሥር አጥብቆ ማሳሸትም ሆነ ዋግምት መታገም የደከመውን ቫልቭ አያድነውም። ቁርጭምጭሚት አካባቢ ቆዳው ስለሚሳሳ ሥሩ በትንሽ ጭረት እንኳ ብዙ ሊደማ ይችላል። ከደማ ይተኙ፣ እግርዎን ከልብዎ ከፍ አድርገው በንጹሕ ጨርቅ አጥብቀው ይጫኑት፤ በገመድ አይሰሩት።

ከሕክምናው በኋላ መተኛት

«ታክሜያለሁና ልረፍ» ማለት እዚህ አይሠራም። በዚያው ቀን መራመድ ደም እንዳይረጋ ያግዛል። ቀጣይ ሳምንታት ውስጥ ረጅም በረራ ካለዎት ቀጠሮ ከመያዝዎ በፊት ለሐኪሙ ይንገሩ፤ ከዚህ ቀደም ደም ረግቶብዎት ከነበረ እሱንም አይደብቁ።

አጥብቆ የሚይዘው ካልሲ ከታዘዘልዎት ጫፉን አጥፈው አይልበሱት፤ የታጠፈው ቦታ እግሩን ያንቃል። ስኳር ያለባቸው ወይም ወደ እግራቸው የሚወርደው ደም ያነሰባቸው ሰዎች ሐኪም የእግራቸውን የደም ዝውውር ሳያይ ካልሲውን ከፋርማሲ ገዝተው ማጥለቅ የለባቸውም።

መጠነኛ መበለዝና ሥሩ ባለበት መስመር መጎተት ይጠበቃል። አንድ እግር ብቻ ካበጠና ባት ከታመመ በዚያው ቀን ይታዩ። ትንፋሽ ካጠረዎት ወይም ደረትዎን ከወጋዎት ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ ወዲያውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።