የመምህራን አሰልጣኞች ጥያቄያቸውን ለሕዝብ ተወካይ እንዴት ያቅርቡ?

በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ መምህራንን የምናሠለጥን ሰዎች በሻይ ሰዓት የምናነሣው ችግር ብዙ ቢሆንም፣ ውሳኔ ለሚሰጠው አካል የሚደርሰው እጅግ ጥቂቱ ነው። አንዳንዶቻችን ተወካይን ማነጋገር ፖለቲካ ውስጥ መግባት ይመስለናል። ሆኖም አቤቱታ የማቅረብ መብት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 30 የተረጋገጠ ስለሆነ፣ ከጥያቄያችን ጋር ወደ ተወካዩ ቢሮ መሄድ እንደ ውለታ ልመና ሊቆጠር አይገባም።

የመጀመሪያው እርምጃ ጥያቄውን አንድ ማድረግ ነው። ከዓመታት በፊት ከባልደረቦቼ ጋር አሥራ አራት ጥያቄዎች የያዘ የዘጠኝ ገጽ ጽሑፍ ይዘን ወደ አንድ ተወካይ ሄደን ነበር። ተወካዩ በትዕግሥት አንብበው ሲጨርሱ «ከእነዚህ የትኛው ይቅደም?» ብለው ጠየቁን፤ ሦስታችን ሦስት የተለያየ መልስ ሰጠን፤ ውይይቱም በዚያው አበቃ። ስለዚህ ከራሳችሁ ቢሮ ከመውጣታችሁ በፊት ተከራክራችሁ በአንድ ጥያቄ ላይ ተስማሙ። የራሳችን የደመወዝ ጉዳይ ተገቢ ጥያቄ ቢሆንም በመምህራን ማኅበር በኩል ቢሄድ ይሻላል፤ ከሥልጠና ጥራት ጋር በአንድ ወረቀት ላይ ሲደባለቅ ሁለቱንም ያዳክማቸዋል።

ቀጥሎ ሥልጣኑ የማን እንደሆነ አጣሩ። የመምህራን ትምህርት ኮሌጆች በክልሉ መንግሥት ሥር ስለሆኑ የበጀታቸው ጉዳይ የሚታየው ባሕር ዳር በሚሰበሰበው የክልሉ ምክር ቤት ነው። ወሎ ዩኒቨርሲቲን የመሳሰሉ ተቋማት ግን በፌዴራል በጀት ስለሚተዳደሩ ጉዳያቸው ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላት ይቀርባል። ሠልጣኞች የማስተማር ልምምድ የሚያካሂዱባቸውን ትምህርት ቤቶች የሚመለከት ከሆነ ደግሞ ጥያቄው ለከተማው ወይም ለወረዳው ምክር ቤት ይቀርባል። ይህን ሳያጣሩ የሄዱ ሰዎች «የእኛ ሥልጣን አይደለም» የሚል መልስ ይዘው ይመለሳሉ፤ ተወካዩም እውነቱን ነው።

ጊዜውንም ማወቅ ያስፈልጋል። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሥራ ዘመን ደግሞ ከመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ እስከ ሰኔ 30 ሲሆን በመካከሉ የአንድ ወር ዕረፍት አለው። የገንዘብ ጥያቄ በሰኔ ከቀረበ ረቂቁ ተዘጋጅቶ ስላለቀ የሚገኘው መልስ «ለከርሞ» ነው። ጥያቄው መድረስ ያለበት መሥሪያ ቤቶች የቀጣዩን ዓመት ዕቅድ ገና ሲያሰናዱ፣ ማለትም በበጀት ዓመቱ አጋማሽ አካባቢ ነው። ተወካዮች ከመራጮቻቸው ጋር ለመወያየት የሚመጡባቸውን ቀናትም አስቀድማችሁ ጠይቃችሁ ያዙ።

ከሁሉ በላይ ጊዜ ልትሰጡት የሚገባው ማስረጃው ነው። እኔ የምናገረው ኮምቦልቻ ዳር በሚገኝ አንድ የአንደኛ ክፍል ውስጥ ስላየሁት ነው። እጩ መምህርቷ በዘንግ ፊደሉን ተራ በተራ ስታመለክት ልጆቹ «በ፣ ቡ፣ ቢ» እያሉ በአንድ ድምፅ ይከተሏታል። ከኋላ የተቀመጠ ልጅ ግን ዓይኑ ከሰሌዳው ላይ ሳይሆን ከጎኑ ካለችው ልጅ አፍ ላይ ነበር። ከትምህርቱ በኋላ «ቢ»ን ለብቻዋ ጽፌ ባሳየው «በ» አለኝ። መምህርቷ ፊቷን ወደ ሰሌዳው አዙራ ስለነበር አላየችውም። በዚያው ቀን ቁጭ ብለን ተነጋገርን፤ በሁለተኛው ጉብኝቴ በረድፎቹ መካከል እየተዘዋወረች ፊደላቱን ከተራቸው እያወጣች ስትጠይቅ አገኘኋት። ሁለተኛውን ጉዞ ያደረግሁት በራሴ የታክሲ ሒሳብ ነው፤ ብዙዎቹ ጓደኞቿ የታዩት አንድ ጊዜ ብቻ ነበር።

«የክትትል በጀት አነስተኛ ነው» ከሚል ዓረፍተ ነገር ይልቅ ይህ ታሪክ ተወካዩ ምክር ቤት ውስጥ ደግሞ ሊናገረው የሚችል ነው። ከጎኑ ከራሳችሁ መዝገብ የተወሰዱ ቁጥሮች አኑሩ፦ ስንት ሠልጣኞች ለልምምድ ወጡ፣ እያንዳንዳቸው ስንት ጊዜ ታዩ፣ አንድ ጉብኝት ስንት ብር ይፈጃል። ከተቻለም በርዕሰ መምህሩ ፈቃድ ተወካዩን ክፍሉ ድረስ ጋብዙ፤ የልጆች ስምና ፎቶ ግን ከወረቀታችሁ ውስጥ አይግባ።

ለውይይቱ ሁለት ሰው ይበቃል፤ አንዱ ይናገር፣ ሌላው ይመዝግብ። «ክቡር» ወይም «ክብርት» ብላችሁ ከጀመራችሁ በኋላ ወደ ጉዳዩ ግቡ፤ ወረቀታችሁም ከአንድ ገጽ አይብለጥ። መጨረሻው ላይ ተወካዩ እንዲፈጽም የምትፈልጉትን ተግባር በግልጽ ጻፉ፤ ለምሳሌ «የትምህርት ቢሮው ሪፖርት ለምክር ቤቱ ሲቀርብ፣ ለልምምድ ክትትል የትራንስፖርትና የውሎ አበል ወጪ ራሱን የቻለ የበጀት ርዕስ ለምን እንደሌለው እንዲጠይቁልን» ማለት ይቻላል። የማታውቁትን ከተጠየቃችሁ አጣርታችሁ እንደምትመለሱ ተናግራችሁ ቀኑን ቁረጡ፤ በግምት የተሰጠ አንድ የተሳሳተ ቁጥር የቀረውንም እንዲጠራጠሩ ያደርጋል።

በሳምንቱ ውስጥ ምስጋናና የተስማማችሁበትን ነጥብ የያዘ አጭር ደብዳቤ ላኩ፤ ግልባጩም ለኮሌጁ ዲን ይድረስ። ጥያቄው ተቀባይነት ካጣ ምክንያቱን በትሕትና ጠይቃችሁ መዝግቡ፤ የሚቀጥለው ዓመት ወረቀት ከዚያ ምክንያት ይነሣልና። ምርጫ በየ5 ዓመቱ ስለሆነ ተወካይ ይለወጣል፣ አሰልጣኝም ይዛወራል፤ ፋይሉ በአንድ ሰው ቦርሳ ውስጥ ሳይሆን በዲፓርትመንቱ መደርደሪያ ላይ ይቀመጥ።