መቃብሩ ለምን ይጠበቅ ነበር? ከሞት ተነሥቶ ባሪያ የሚሆነውን ሰው ወግ ከሰሜን ሸዋ አዛውንት ለመቅዳት

«ዞምቢ» ሲባል ለብዙዎቻችን የሚታየን ልብሱ የተቦጫጨቀ፣ እየተንገዳገደ ሰው ሊነክስ የሚመጣ የፊልም ሬሳ ነው። ይህን መልኩን በአብዛኛው ያገኘው አሜሪካዊው ጆርጅ ሮሜሮ በ1968 እ.ኤ.አ. ካወጣው ፊልም ሲሆን፣ የሚገርመው በዚያ ፊልም ውስጥ ቃሉ አንድ ጊዜ እንኳ አይነሣም። ቃሉን ዓለም ያወቀው ከሄይቲ ነው። የሄይቲው ዞምቢ ሰው አይበላም፤ ቦኮር የሚሉት ጠንቋይ ከመቃብር አውጥቶ እርሻው ላይ የሚያሠራው፣ ፈቃዱን የተነጠቀ ምስኪን ነው። ጨው ከቀመሰ ግን መሞቱ ትዝ ይለውና ወደ መቃብሩ ይመለሳል ይባላል። እስከ 18ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ድረስ በፈረንሳዮች የሸንኮራ አገዳ እርሻ በባርነት ሲማቅቅ ለኖረ ሕዝብ፣ ሞትም ከጌታ እጅ አያስጥልም ከማለት የባሰ ፍርሃት አልነበረም።

ለመንዝ ሰው ይህ እንግዳ ወሬ አይደለም። ሮናልድ ሬሚኒክ የተባለ አንትሮፖሎጂስት በመንዝ አማራ መካከል ያጠናውንና በ1974 እ.ኤ.አ. ያሳተመውን ብናይ፣ ቡዳ የበላው ሰው ከተቀበረ በኋላ ቡዳው መቃብሩን ቆፍሮ እንደሚያወጣው፣ ሕይወት ሰጥቶም ሰባት ዓመት በባርነት እንደሚገዛው ይነገር ነበር። እንግዳ ሲመጣበት በዱላ መትቶ ሸክላ ዕቃ ያደርገዋል፤ እንግዳው ሲወጣ መልሶ ይመታውና ሰው ያደርገዋል። ዘመድ መቃብሩን አርባ ቀንና አርባ ሌሊት ይጠብቅ የነበረውም በዚህ ምክንያት ነው። እንግዲህ የእኛም ሙት እንደ ሄይቲው የሚያስፈራ ሳይሆን የሚታዘንለት ነው። ወጉን የሚቀዳ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ይህን መያዝ ይኖርበታል፤ የፊልሙን ዞምቢ በልቡ ይዞ የሄደ የሚጠይቀው ስለ ንክሻ ነውና።

ለሥራው የሚመቸው እህል ከገባ በኋላ ያለው ጊዜ ነው። መንዝ ነፋሳም ስለሆነ ስልክዎን ይዘው ደጅ ላይ አይቅዱ፤ እኔ ሁለት ሰዓት ሙሉ ነፋስ ብቻ ቀድቼ ተመልሻለሁ። ቤት ውስጥ፣ ቡና ተፈልቶ፣ እማማ ባዘቶውን ይዘው እንዝርታቸውን ሲያሾሩ ነገሩ ራሱ ይመጣል።

አጠያየቁ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። «ቡዳ አለ ብለው ያምናሉ?» ብሎ የሚጀምር ሰው መልሱን ራሱ ዘግቶታል፤ አዛውንቷ ወይ ያፍራሉ፣ ወይ የንስሐ አባታቸው የሚወዱትን መልስ ይሰጣሉ። ይልቅ «በእርስዎ ልጅነት መቃብር ይጠበቅ ነበር? ማን ያድር ነበር? ምን ይዞ?» ብለው ከሚታይና ከሚዳሰስ ነገር ይነሡ። ጅብም በጥያቄው ውስጥ ይግባ፤ ቡዳ ጅብ ይሆናል የሚለው እምነትና ጅብ በእውነትም ሬሳ ቆፍሮ የሚያወጣ አውሬ መሆኑ አንድ ላይ የሚነገሩ ናቸውና፣ ተናጋሪዋ የትኛውን እንደሚሉ ለይቶ መስማት ያስፈልጋል።

ሲያዳምጡ አጀማመሩን ልብ ይበሉ። ተረት የሚጀምረው «ተረት ተረት» ተብሎ፣ አድማጩም «የላም በረት» ብሎ መልሶ ነው። ይህኛው ወግ ግን እንዲህ አይከፈትም፤ «ያያቴ ጎረቤት ነው አሉ» ብሎ እንደ ሆነ ነገር ይነገራል። ወደ ጽሑፍ ሲገለብጡም ያችን «አሉ» እንዳያወጧት አደራ። አንዳንድ ሰው ድግግሞሽ መስላው አራት አምስት ቦታ ላይ ይሰርዛታል፤ ተናጋሪዋ ግን በእርሷ «እኔ አላየሁም፣ የሰማሁትን ነው» እያሉ ነው፤ እርሷ ከተሰረዘች ሴትዮዋን ላላዩት ነገር ምስክር አደረግናቸው ማለት ነው። «ባሪያ» ወይም «አሽከር» ማለታቸውንም እንደ ወረደ ይጻፉ። ባርነት በሕግ የቀረው በ1934 ዓ.ም. ስለሆነ፣ አያቶቻቸው ቃሉን የሚያውቁት ከወግ ብቻ አልነበረም።

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ግን በጥብቅ አሳስባለሁ። ቡዳ ተብለው ሲሸሹና ሲገለሉ የኖሩት ብረት ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋና ቆዳ ፋቂው ናቸው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ ቢያወጡም ስድቡ እስካሁን አልጠፋም። ስለዚህ የቡዳውን ስም፣ የቤተሰቡን ስም፣ የጎጡንም ስም አይጻፉ፤ «በመንዝ አንድ ቀበሌ» ማለት ይበቃል። እኔ አንድ ጊዜ ስም ትቼ ወንዙንና ዋርካውን ጽፌ ነበር፤ የአገሩ ልጅ አንብቦ የማን ቤት እንደሆነ በአንድ ደቂቃ ነገረኝና አፍሬ ሰረዝኩት። ሸክላ ሠሪዋ ራሷ ስለዚህ ወግ ምን እንደምትል መጠየቅም የሥራው ግማሽ ነው፤ በዱላ ተመትቶ የሚለወጠው ሰው እርሷ የምትሠራውን ዕቃ መሆኑ እንዲያው በአጋጣሚ አይመስለኝም።

ጽሑፉ ሲያልቅ ይዘውት ይመለሱና ለተናጋሪዋ ያንብቡላቸው። እኔ ሳነብ ዝም ብለው ሲያዳምጡኝ የቆዩ አንዲት እናት፣ «በዱላ ሲመታው ድስት ሆነ» የሚለው ላይ ስደርስ እንዝርታቸውን አቆሙ። «ድስት መቼ አልኩህ? ማድጋ ነው ያልኩህ» አሉኝ። ልዩነቱ ምን እንደሆነ ስጠይቃቸው ፊቴን ትንሽ አዩና፣ «ድስትማ እሳት ላይ ይጣዳል። ሰው እኮ ነው» አሉ።